የአክስቴ ደም በጋሽ ናስረዲን ፍሪጅ

ከቤቴ አጥር ጋር ተጣብቆ በተከፈተው ፋርማሲ የምትሠራ ሀኒ የምትባል ልጅ አለች። ጠዋት እንደከፈተች የመጀመሪያ ሥራዋ ደንበኛ ማስተናገድ አይደለም፤ የፍሪጁን ሙቀት ማየት ነው። ሰው ትኩሳት ይዞት በሩ ላይ እያቃሰተ፣ እሷ የፍሪጁን ትኩሳት ትለካለች።

«ሀኒዬ፣ ዛሬስ በሽተኛሽ እንዴት አደረ?» እላታለሁ በአጥሩ ላይ አንገቴን አስግጌ።

«ደህና አድሯል፣ እትዬ ሐዳሳ።»

«እህል ቀመሰ?»

ትስቃለች። ነገረኛ ጎረቤት እንደሆንኩ ታውቃለች። የማታውቀው፣ መብራት በሄደ ቁጥር ጆሮዬን ወደ እሷ ግድግዳ ጥዬ ጄኔሬተሩ መነሳቱን የማዳምጥ መሆኔን ነው። ከዘገየ «አንቺ ልጅ፣ ተኝተሻል?» እያልኩ እጮሃለሁ። የሷ አለቃ እኔ የሆንኩ ይመስል። ምን ላድርግ፣ የመድኃኒት ፍሪጅ ነገር ገና የወተት ጥርሴ ሳይረግፍ ጀምሮ ሰላም ይነሳኛል።

ያኔ እኛ ሰፈር የነበረው የጋሽ ናስረዲን መድኃኒት ቤት ብቻ ነበር። ከመናኸሪያው ወደ እኛ ቤት በሚያወጣው አቀበት ላይ፣ ሰማያዊ በር ያለው። ጋሽ ናስረዲን ቀጭን፣ ነጭ ጋውኑ ሁልጊዜ የታጠበ፣ በአጠገባችን ሲያልፍ የስፕሪት ሽታ የሚያስከትል ሰው ነበር። ከባንኮኒው ኋላ አረንጓዴ መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ኋላ ፍሪጅ። መብራት ሲኖር እንቅልፍ እንደወሰደው ሽማግሌ ያንኮራፋል። በሩ ይቆለፋል።

እኛ ልጆቹ ከፍሪጁ የምንፈልገው ቀላል ነገር ነበር።

«ጋሽ ናስረዲን፣ በረዶ ስጠን!»

«ይሄ የመብል ፍሪጅ አይደለም። ሂዱ!»

«ትንሽ ብቻ!»

«ወላሂ አባቶቻችሁን እጠራለሁ!»

የትልልቆቹም ጥያቄ ከኛ አይሻልም ነበር። በመስቀል ማግስት እትዬ ትርፊት፣ ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ሽንኩርትና ቲማቲም የምትቸረችረው ጎረቤታችን፣ የቅርጫ ሥጋዋን በሳፋ ይዛ ሄዳ «ለነገ ብቻ አሳድርልኝ» ብትለው አይሆንም አላት። ሳፋዋን እንደታቀፈች መንገድ መሃል ቆመች።

«ሥጋዬ መድኃኒቱን ይነክሰዋል? ወይስ ውስጥ ያለውን እንዳላይብህ ነው?»

ሥጋው በማግስቱ ተጠብሶ አለቀ። ጥያቄው ግን ሰፈር ውስጥ ከረመ። ውስጥ ምን አለ? ታላቅ ወንድሜ ኤሊያስ መልሱን ደረስኩበት አለ።

«ደም ነው» አለኝ ጆሮዬ ላይ። «ደም ካልቀዘቀዘ ይሸታል። ለዚያ ነው የሚቆልፈው።»

«ከየት ያመጣዋል?»

«እሱን ገና አላወቅኩም።»

ኤሊያስ አምስተኛ ክፍል ነበር። አምስተኛ ክፍል የደረሰ ሰው እንዴት ይዋሻል? አመንኩት።

አክስቴ ዓለሚቱ የእናቴ ታናሽ ናት። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እናቴ ከትውልድ ቀያቸው ከሆመቾ አምጥታ እኛው ቤት አሳደገቻት። ፀጉሬን የምትሠራኝ፣ ጥፋቴን ሸሽጋ ከዱላ የምታስመልጠኝ እሷ ነበረች። በዚያ ዓመት ዕንባቆም ለሚባል የዱራሜ አስተማሪ ታጨች። በዚያው ዓመት ደግሞ ጠዋትና ማታ የጋሽ ናስረዲንን መጋረጃ እየገለጠች መግባት አመጣች። ስትገባ በነጠላዋ ትሸፋፈናለች፤ ስትወጣ ክንዷን ታሻለች።

አንድ ቀን ተከተልኳትና ከባንኮኒው ስር ተሸጉጬ አዳመጥኩ። የፍሪጁ ቁልፍ ተጠመዘዘ። ብርጭቆ ነገር ተንኳኳ።

«ግራ ክንድሽን ስጪኝ» አለ ጋሽ ናስረዲን።

«ትናንትም ግራው ነበር፤ አሞኛል።»

«እሺ ቀኙን። አይዞሽ... አለቀ።»

ስትወጣ ክንዷ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል የደም ጠብታ አየሁ። ከኋላዋ ፍሪጁ ተመልሶ ተቆለፈ። ኤሊያስ ያላወቀውን እኔ አወቅኩት። ደሙን ከአክስቴ ነው የሚያመጣው!

የዛሬዋ ሐዳሳ እዚህ ጋ ጣልቃ ካልገባች እናንተም ሰውዬውን በከንቱ ትጠሉታላችሁ። አክስቴ የስኳር በሽታ ነበረባት፤ በክኒን የማይሆነው፣ ኢንሱሊን ካልተወጋች በሕይወት የማትቆይበት ዓይነት። ኢንሱሊን ደግሞ ሙቀት ሲነካው መልኩ ሳይለወጥ ጉልበቱ ያልቃል። እኛ ቤት ፍሪጅ ስላልነበረ ጋሽ ናስረዲን ብልቃጦቿን በሱ ፍሪጅ ያኖርላትና ጠዋት ማታ አውጥቶ ይወጋት ነበር። ከራሷ ሌላ ይህን የሚያውቁት እሱ፣ እናቴና አባቴ ብቻ ናቸው። በተለይ ከዱራሜዎቹ ተደብቋል። «መርፌ ተሸክማ የምትዞር ሙሽራ ማን ይወስዳል? እስክታገባ አይነገርም» ትል ነበር እናቴ። እኔ ስሰማ ግን ድምፅዋን ዝቅ ስለምታደርግ የሚደርሰኝ «አይነገርም» የሚለው ብቻ ነበር። የማይነገር ነገር ደግሞ መቼም ደግ ነገር አይሆንም ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ቲማቲም ልንገዛ እትዬ ትርፊት ዘንድ ሄድን።

«የኤሊያስ እናት፣ እህትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ምነው?»

«ምንም። ጠዋትም ማታም እዚያ ስትገባ አያለሁና።» በአገጯ መድኃኒት ቤቱን አሳየች። «የታጨች ልጅ፣ መጋረጃ ያለበት ቤት...»

«ራስ ምታት አለባት።»

«ሲነጋም ሲመሽም? እንግዲህ እኔ ምን አገባኝ!» ቲማቲሙን ሚዛን ላይ አስቀመጠች። «የዱራሜ ሰው ግን ጆሮው ረጅም ነው። መናኸሪያውም ቅርብ ነው። ደግሞስ ያ ፍሪጁ፣ መብራት ሲጠፋ ቁምሳጥን አይደል? ምን መድኃኒት አለው እሱ?»

እናቴ ቲማቲሙን ሳትይዝ ተመለሰች። ቤት እስክንደርስ እጄን አጥብቃ ይዛኝ ነበር። የተናደደችው በእትዬ ትርፊት መስሎኝ ነበር። ለካ የከነከናት የመጨረሻው ቃል ነው፤ በዚያ ሰሞን መብራት ሄዶ እየሰነበተ ነበር።

ማታውኑ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄደች። እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኩ።

«ናስረዲን፣ የዓለሚቱን ብልቃጦች ስጠኝ። ከእንግዲህ እቤት አኖራቸዋለሁ።»

«የት?»

«ቀዝቃዛ ቦታ አለኝ።»

«የኤሊያስ እናት፣ ቀዝቃዛ ሲባል እኮ...»

«መብራት ከጠፋ ስንት ቀንህ ነው? ያንተስ በምን ይቀዘቅዛል?»

«ከሆስፒታል በረዶ እያመጣሁ እደረድርበታለሁ። በሩንም ያለ ምክንያት አልከፍትም። መድኃኒቱ ደህና ነው።»

«ማን አይቶልህ?»

ጋሽ ናስረዲን አያት። «ሰው አወራ እንዴ?» አላት። እናቴ ብልቃጦቹን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። የሱ ፊት ተለዋወጠ፤ እኔ ተነቃብኝ ብሎ ደንግጦ ነው አልኩ። ዛሬ ሳስበው፣ ያ ሰው ስለ ራሱ ስም ሳይሆን ስለ አንዲት የታጨች ልጅ ስም ነው የደነገጠው፤ ለዚያ ነው ሳይከራከር የሰጣት።

ብልቃጦቹን በጥጥ እየጠቀለለ «መውጋቱን ሆስፒታል አስተምረውሻል» አለ። «ፀሐይ እንዳያየው፣ እሳት እንዳይጠጋው። ውሃ ያለበት ማሰሮ አጠገብ፣ ከአልጋ ስር ብታኖሪው ይሻላል። አንድ ነገር ከተለወጠባት ደግሞ ላኪብኝ።»

እናቴ «ፀሐይ እንዳያየው፣ እሳት እንዳይጠጋው» የሚለውን ሰማች። ከአልጋ ስር የሚለውን አልሰማችም፤ ከአልጋ ስር እኛ አለንና። ኤሊያስና እኔ የማንበረብረው ቦታ በቤታችን አልነበረም። እሷ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ቦታ ታውቅ ነበር።

በኛ አገር እንዲቆይ የሚፈለግ ነገር ከመሬት በታች ይገባል። ከቤታችን ኋላ በእንሰቱ መሃል የዋሳ ጉድጓድ ነበረን፤ ዋሳ እኛ ቆጮን የምንጠራበት ስም ነው። ጉድጓዱ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ፣ ላዩ ድንጋይ ተጭኖበት ይከርማል። ወንድ አይደርስበትም፤ የሴቶች ነው። ልጅ ከነካው ይገረፋል። እናቴ ከዚያ ጉድጓድ ያወጣችው ነገር አንድም ቀን ተበላሽቶባት አያውቅም፤ እናቷም፣ አያቷም እንዲሁ። መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ መሬት ግን የትም አይሄድም። እንግዲህ ከዚህ ይበልጥ የሚታመን ማን አለ?

አንድ ማለዳ ለሽንት ወጥቼ አየኋት። ተንበርክካ ድንጋዩን አነሳች፤ ቅጠሉን ገለጠች፤ የኮመጠጠው ሽታ እኔ እስከቆምኩበት መጣ። እጇን እስከ ክርኗ ሰደደችና የዱቄት ወተት ጣሳ አወጣች። ከጣሳው ውስጥ ትንሽ ብልቃጥ። ብልቃጧን በመቀነቷ ሸጉጣ፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ ጉድጓዱን መልሳ ደፈነች። ጥቂት ቆይቶ መርፌ የተቀቀለበት ድስት ሽታና የአክስቴ «እሽሽ» የሚል ድምፅ ከጓዳ ተሰማ።

እማዬም ጀመረች አልኩ።

ቁርስ ላይ ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ምን አለ?»

«ዋሳ ነዋ።»

«ጣሳውስ?»

አገጬን በሁለት ጣቷ ያዘችው። «ምንም ጣሳ አላየሽም።»

በዓይኔ ያየሁትን አላየሽም ስትለኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ በኋላ እናቴ የምትሰጠኝን ወተት እንኳ ሳሸት ነበር የምጠጣው።

መጀመሪያ መጀመሪያ ምንም አልሆነችም አክስቴ። ጉድጓዱ የከረመ ዋሳ ነበረበትና ቀዝቃዛ ነበር። ችግሩ ሠርጉን ተከትሎ መጣ። ዋሳ ለድግስ እንዲደርስ ቀደም ብሎ መፋቅ አለበት፤ ስለዚህ የሰፈሩ ሴቶች ለእንሰት ፍቂያው ሥራ ተጠራርተው መጡ። ግቢው በሳቅ ተሞላ። እንሰቱ ይወድቃል፣ ይፋቃል፣ ሥሩ ይከተከታል፤ አፍም አብሮ ይፍቃል።

«ዓለሚቱ፣ ዱራሜ እኮ ከኛ ይልቅ ይሞቃል አሉ፤ ባልሽ ያራግብሻል?»

«አስተማሪ ነው፤ ቾክ ነው የሚያራግባት!»

«ምነው ይህች ልጅ ከሳች? ፍቅር ነው ወይስ ጾም?»

አክስቴ በእጇ አፏን ሸፍና ትስቃለች። እናቴ አትስቅም። ሴቶቹ ትኩስ የተፋቀውን በቅርጫት እያመጡ ጉድጓዱ ውስጥ ሲገለብጡ ዳር ቆማ ታያለች። ጣሳው እዚያው ታች ነው። በሰው ሁሉ ፊት ወርዳ ልታወጣው አትችልም። አዲሱ ከላይም ከጎንም ጣሳውን ቀበረው፣ እትዬ ትርፊት በእግሯ ረገጠችው፣ ቅጠል ለበሰ፣ ድንጋይ ተጫነ።

ትኩስ ዋሳ ሲብላላ ይሞቃል። እጅ ሲገባበት እንደ ላም ሆድ ነው የሚሆነው። ይህን እናቴ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ በየማለዳው ጣሳውን ቆፍራ ስታወጣ ሙቀቱን በእጇ ይዛዋለች። ለዋሳ ግን ሙቀት ደግ ምልክት ነው፤ ጉድጓዱ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። እጇ የተማረው ይህንን ነበር።

በዚያ ወር በቤታችን ያልተጠረጠረ ሰው አልነበረም። እትዬ ትርፊት አክስቴንና ጋሽ ናስረዲንን ትጠረጥራለች። እናቴ እትዬ ትርፊትን፣ ቀጥሎም ጋሽ ናስረዲንን። እኔ ጋሽ ናስረዲንንም እናቴንም። ጉድጓዱን የጠረጠረው የለም።

አክስቴ ትጠጣለች። የውሃውን እንስራ አዘንብላ ትጠጣለች፣ ከደጅ ሳትመለስ ደግሞ ይጠማታል። የተለካላት ቀሚስ ትከሻዋ ላይ እንደ ማንጠልጠያ ሆነ። ፀጉሬን እየሠራችኝ እጇ ይዝልባትና ጉንጉኑን ሳትጨርስ ትተወዋለች። ቅዳሜ አባቴ ከሚያስተምርበት ከሆመቾ ሲመጣ እናቴ በጓዳ ስትነግረው ሰማሁ።

«መርፌውን አልተውኩም። እወጋታለሁ፣ አይሠራም። ናስረዲን የሞተ ነገር ሰጥቶን ይሆን?»

«እንጠይቀው።»

«ሽማግሌዎቹ እየመጡ? ዛሬ ቀን ቆርጠው ይሂዱ፤ ከዚያ ሆስፒታል እንወስዳታለን።»

የሞተ ነገር! የአክስቴን ደም ወስዶ በምትኩ የሞተ ሰው ነገር ሰጣት ማለት ነው።

ሽማግሌዎቹ በዚያው ቀን ደረሱ። የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ነው የመጡት። የሙሽራው አጎት አቶ ተረፈ፣ ዘንጋቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ቤቱን ከጣሪያ እስከ ወለል የሚመረምሩ ሰው ነበሩ። ከእሳቸው ጋር አንድ ዝምተኛ ዘመድ አለ። ምግብ ቀረበ፣ ተበላ። ሙሽራዋ ወጥታ ሰላም ማለት ነበረባት፤ አልወጣችም።

«አፍራ ነው» አለች እናቴ።

«ማፈር ጥሩ ነው» አሉ አቶ ተረፈ። «ባለፈውም አፍራ ነበር። የኤሊያስ አባት፣ እንደው ሳትቀየሙኝ፣ ልጅቷ አለች?»

«አለች እንጂ!»

«እንግዲያው አንድ ጊዜ ትታየን።»

እኔ ያን ጊዜ ጓዳ አክስቴ አጠገብ ነበርኩ። ተጋድማለች። እየሮጠች የመጣች ይመስል በጥልቀት ትተነፍሳለች፤ ትንፋሿ በጣም የበሰለ ሙዝ ይሸታል። ስሟን ስጠራት ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ከደነችው። እናቴ ገብታ «ዓለሚቱ፣ ተነሺ፤ እባክሽ ለአንድ አፍታ ብቻ» ብላ ክንዷን ብትስብ፣ ክንዱ መጣ እንጂ አክስቴ አልመጣችም። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሳሎን ውስጥ ዘንጉ ወለሉን አንዴ መታ።

በጓሮ በር ወጥቼ ሮጥኩ። ጋሽ ናስረዲን ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ለአንዲት ሴትዮ ሽሮፕ እየሰጠ ነበር።

«የአክስቴን ደም መልስ!» አልኩት።

«ምን?»

«ፍሪጁ ውስጥ ያለውን! መልስላት! እየሞተች ነው!»

ሴትዮዋ ሽሮፗን እንደያዘች ወደ በሩ አፈገፈገች። ጋሽ ናስረዲን ከባንኮኒው ዞሮ መጣና ፊቴ ቁጢጥ አለ።

«ሐዳሳ፣ ማን ነው የሚሞተው? ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።»

«አንተ ነህ ያስተማርካት! እማዬም ትወጋታለች፤ አንተ የሰጠሃትን የሞተ ነገር ከዋሳው ጉድጓድ እያወጣች ትወጋታለች!»

«ከየት?»

«ከዋሳው ጉድጓድ!»

የጉራጌ ልጅ ነው፤ ጉድጓዱ ምን እንደሆነ የሚነግረው አላስፈለገውም። «ያ አላህ» አለና ተነሳ። ፍሪጁን ከፍቶ ብልቃጥ አወጣ፣ በረዶ የያዘች ትንሽ የውሃ ፔርሙዝ ውስጥ ከተተ፣ መድኃኒት ቤቱን ክፍት ትቶ ወጣ። እትዬ ትርፊት ከቲማቲሟ ኋላ ብድግ ስትል፣ ሳይዞር «የኔን ቤት ጠብቂልኝ!» አላት። ከመገረሟ የተነሳ ሄዳ በሩ ላይ ቆመችለት።

እናቴ የሳሎኑን በር ዘግታ ጠበቀችው።

«ናስረዲን፣ እንግዳ አለብን» አለች በዝቅታ። «ነገ።»

«ነገ የለም፣ የኤሊያስ እናት።»

«ስማኝ...»

«ልጅቷ ነገ የላትም እያልኩሽ ነው!»

ይህንን ጮኾ ነው ያለው። ሳሎን ውስጥ ወንበር ተንቋቋ። እናቴ ከበሩ ገለል አለች፤ ያን ጊዜ ያየሁትን ፊቷን እስካሁን አልረሳሁትም፤ የተጋለጠች ሳይሆን ከባድ ነገር ተሸክማ ኖራ ያወረደች ሴት ፊት ነበር። ጋሽ ናስረዲን በሽማግሌዎቹ መሃል አልፎ ጓዳ ገባ። ትንፋሿን አሸተተ፣ የእጇን የደም ሥር ያዘ፣ ወጋት። እኔ ከበሩ ስር ሆኜ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት፤ ብልቃጡ ውስጥ የነበረው ውሃ የመሰለ ጥርት ያለ ነገር ነው። ቀይ አልነበረም። ደግሞ ከብልቃጡ ወደ እሷ ነው የሄደው። ተንኮል አለበት ብዬ ጠበቅኩ፤ የለበትም።

«ይሄ ብቻውን አይበቃም። ሆስፒታል፣ አሁኑኑ» አለ።

አባቴ ፍራሹን በአንድ ጫፍ ያዘ። ሌላኛውን ጫፍ ጋሽ ናስረዲን ሊይዝ ሲል አቶ ተረፈ ዘንጋቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ቀደሙት።

«አንተ መድኃኒትህን ያዝ» አሉት። «ይህን እኔም አውቃለሁ።»

አቀበቱን ወረዱ፤ ሰፈሩ ሁሉ በየበሩ ቆሞ አየ። የተደበቀው ነገር ሁሉ በፍራሽ ላይ ተጋድሞ በዋና መንገድ አለፈ።

አክስቴ ተረፈች። ይህንን ቶሎ ልንገራችሁ፤ እኔ ያን ሌሊት የጠበቅኩትን ያህል እናንተ እንድትጠብቁ አልፈልግም። ሲነጋጋ ዓይኗን ገልጣ «ያ ጉንጉን እንዳልጨረስኩት ነው?» አለችኝ አሉ፤ እኔ ግን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አባቴ ጉልበት ላይ ተጋድሜ ነበር። የሰማሁት ሌላ ነገር ነው። አቶ ተረፈ ከአባቴ ጎን እንደተቀመጡ ነው ያነጉት።

«ደበቃችሁን» አሉ።

አባቴ ጋቢውን ላዬ ላይ ሳበ።

«ብናውቅ የምንሸሽ መስሏችሁ ነው?»

«አዎ» አለ አባቴ። «እናንተ ብትሆኑ ትናገሩ ነበር?»

«አንናገርም ነበር» አሉ አቶ ተረፈ። ከዚያ ወደ ጋሽ ናስረዲን ዞሩ፤ እሱም አልሄደም ነበር። «ይሄ መድኃኒት ዱራሜ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ፍሪጅ ያለው አንድ ክሊኒክ አውቃለሁ።»

«መብራቱስ?»

«እዚያም እንደዚህ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል።»

«እንግዲያው ሄጄ በዓይኔ ሳላይ ቀን አልቆርጥም። አፍ አላምንም፣ የናንተንም የክሊኒኩንም።»

ሄደው አዩ። ዕንባቆምን ይዘው ነበር የሄዱት። ከሳምንታት በኋላ ተመልሰው ቀን ቆረጡ። አክስቴ እስከዛሬ ዱራሜ ናት፤ ልጆቿ ከኔ ይረዝማሉ፣ አቶ ተረፈ እስኪሞቱ ድረስ በሄዱበት ሁሉ «ክሊኒኩን ፈትሼ ያመጣኋት ምራት» ይሏት ነበር።

ግን ከሆስፒታል በወጣች ማግስት የሆነውን ነው ልነግራችሁ የፈለግኩት። ጋሽ ናስረዲን ጣሳውን ሊያይ መጣ። እንሰቱ ዳር ሲደርስ ቆመ።

«ከዚህ አላልፍም፤ እናቴ ብታየኝ በዱላ ነው የምትመልሰኝ። አንቺ አውጪውና እጄ ላይ አድርጊው።»

እናቴ ቆፍራ አወጣችና መዳፉ ላይ አኖረችው። ጋሽ ናስረዲን ጣሳውን ይዞ ቆየ። ከዚያ መልሶ በሷ መዳፍ ላይ አደረገው፤ እንድትይዘው።

«ሞቋል» አለች እናቴ።

«ሞቋል።»

«በየቀኑ ይሞቅ ነበር።» ጣሳውን በሁለት እጇ ያዘችው። «በየቀኑ በእጄ ይዤዋለሁ እኮ። በገዛ እጄ!»

«የሚያውቅ ሰው ቢነግርሽ ኖሮ... እኔ ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር። የት ነው የምታኖሪው ብዬ ወጥሬ ልይዝሽ ይገባኝ ነበር» አለ።

ከሰዓት በኋላ እናቴ አክስቴን በአንድ እጇ፣ እኔን በሌላው ይዛ በጠራራ ፀሐይ አቀበቱን ወረደች። አክስቴ በነጠላዋ አልተሸፋፈነችም። እትዬ ትርፊት «እግዚአብሔር ይማርሽ፣ ዓለሚቱ» ስትል፣ እናቴ «አሜን። ስኳር ነው ያለባት፤ ከእንግዲህ ጠዋትም ማታም እዚህ ትገባለች» ብላት አለፈች። እትዬ ትርፊት አንድ ቲማቲም በቀሚሷ ወለወለች።

መድኃኒት ቤት ገባን። እናቴ መጋረጃውን ራሷ ገለጠችው።

«ክፈተው» አለችው። «ልየው።»

ጋሽ ናስረዲን ፍሪጁን ከፈተ። ቀዝቃዛ አየር ፊቴ ላይ መጣ። ሰው የለም፣ ደም የለም፤ የተደረደሩ ትናንሽ ካርቶኖች፣ በመካከላቸው በረዶ የያዙ ፕላስቲኮች፣ አንድ ጎን የአክስቴ ስም በእስክሪብቶ የተጻፈበት ሳጥን። እናቴ እጇን ዘርግታ ውስጥ አስገባች። ለረጅም ጊዜ እዚያው አቆየችው፤ ጣቶቿን ዘረጋች፣ አጠፈች፤ አዲስ ነገር እንደሚማር ልጅ።

«ይበርዳል» አለች።

«እንዲህ ነው መሆን ያለበት።»

«መብራት ሲጠፋስ? እውነቱን ንገረኝ።»

«እውነቱን? በሩ እስካልተከፈተ ድረስ ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል። በከፈትነው ቁጥር ነው የሚያመልጠው።»

እናቴ እጇን እሳት እንደነካት አወጣች። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለውን አምፖል ቀና ብላ አየች፤ አይበራም ነበር።

«መብራት የለም እንዴ አሁን?»

«ከጠዋት ጀምሮ የለም።»

«ታዲያ ምን አቁሞሃል፣ ናስረዲን? ዝጋው! ዝጋው እንጂ፣ የልጄ መድኃኒት እኮ ነው!»